አንድ ኪኒን፣ ሁለት ተግባር



ከጀጎል ግንብ ወጥቶ ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣ በሽተኛ የካልሲየም ካርቦኔት ማዘዣ ሲያቀርብ፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ኪኒኑ ለምን እንደታዘዘለት ነው።

በደሙ ካልሲየም ላነሰበት ሰው ኪኒኑ ማሟያ ነው፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ የጨጓራ አሲድ አሟሙቶት ወደ ደም ይገባል። ኩላሊቱ ደክሞ ፎስፌት ለተጠራቀመበት ሰው ግን ተግባሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም የምግቡን ፎስፌት አንጀት ውስጥ ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር እንዲወጣ ማድረግ ነው። ኪኒኑ ከማዕድ ተለይቶ ከተዋጠ የምግቡ ፎስፌት ሳይያዝ ያልፋል፤ ካልሲየሙም ከሚፈለገው በላይ ወደ ደም ሊሰርግ ይችላል።

በረመዳን ወር ጉዳዩ ይከብዳል። እንዲህ ያለ በሽተኛ መጾም ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ሊመክር ይገባል፤ ከጾመም ኪኒኑ በማፍጠሪያና በሱሑር ማዕድ ላይ እንዲወሰድ ትእዛዙ በሐኪሙ ይስተካከላል እንጂ፣ የቀኑ ድርሻ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ አይዋጥም።

መጠኑም ያሳስታል፤ 1250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚይዘው ካልሲየም 500 ሚሊግራም ብቻ ነው። ቴትራሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ የብረት ኪኒንና ሌቮታይሮክሲን ከካልሲየም ጋር አብረው ከተወሰዱ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ሌቮታይሮክሲን ቢያንስ በ4 ሰዓት ይራቅ። ዲጎክሲን ለሚወስድ ሰው የካልሲየም መብዛት የልብን ምት ሊያውክ ይችላል።

የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ የበዛ ጥማትና የአእምሮ መደናገር የካልሲየምን መብዛት፣ የከንፈር መደንዘዝና የጡንቻ መኮማተር ደግሞ ማነሱን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ፣ በሽተኛው ሳይዘገይ ደሙን ይመርመር።

ሐረር ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ የሚነገርባት ከተማ ናት። «ከምግብ ጋር» የምትለዋ ቃል በሽተኛው በሚሰማው ቋንቋ ካልተነገረች፣ በማዘዣው ላይ መጻፏ ብቻ አያድንም።