ሳይካፈል የታወቀ ቍጥር



ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቍጥር የሌለው ቍጥር፥ ብቸኛ ቍጥር ይባላል። 7ና 31 ብቸኞች ናቸው፤ 15 ግን 3ና 5 ስለሚያካፍሉት ብቸኛ አይደለም። በዚህ ንግግር የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1644 ማሬን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኵሴ፥ 2ን በ2 ደጋግሞ እያባዙ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ከሚገኙት ቍጥሮች፥ እስከ 257 ሁለቶች ድረስ ብቸኛ የሚሆኑት የትኞቹ እንደ ሆኑ ዝርዝር አወጣ። በ67ና በ127 ሁለቶች የሚገኙት በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ማስረጃ ግን አላቀረበም።

127 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727 ሲሆን፥ 39 አኃዝ አለው። ብቸኛነቱን በማካፈል ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ በየሰከንዱ አንድ ጎዶሎ ቍጥር ቢሞክር እንኳ 200 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ፈረንሳዊው መምህር ኤዱዋር ሉካ ግን በ1876 ቍጥሩ ብቸኛ መሆኑን በእጁ አስልቶ አረጋገጠ።

መንገዱ፥ አሜሪካዊው ሌህመር በ1930 ባቀለለው መልክ፥ እንዲህ ነው፤ እርሳስ በእጁ ያለ ሰው ሊከተለን ይችላል። በ5 ሁለቶች የተገኘውን 31ን እንውሰድ። ከ4 ተነሥተን፥ በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 14 ይሆናል። በ14ም እንዲሁ ብናደርግ 194 እናገኛለን፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8 ነው። 8 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው ባዶ ነው። የእርምጃው ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ያንሳል፤ ለ5 ሁለቶች 3፥ ለ127 ሁለቶች 125 ብቻ ነው። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ጎዶሎ ብቸኛ ቍጥር ሲሆን፥ በመጨረሻው እርምጃ ቀሪው ባዶ ከሆነ የምንመረምረው ቍጥር ብቸኛ ነው፤ ባዶ ካልሆነ አካፋይ አለው።

የሚያስደንቀው ይህ ሁለተኛው ፍርድ ነው። ሉካ በ67 ሁለቶች የሚገኘው ቍጥር፥ መርሴን እንዳለው ሳይሆን፥ አካፋዮች እንዳሉት በዚያው በ1876 ገለጸ፤ አካፋዮቹ እነማን እንደ ሆኑ ግን መንገዱ አይናገርም። አንድ የሒሳብ መርማሪ «መዝገቡ ስሕተት አለበት፤ ገጹን ግን አላውቅም» የሚል ሪፖርት ቢያቀርብ፥ አለቃው «እንግዲያስ በምን አወቅህ?» ማለቱ አይቀርም። በሥነ ቍጥር ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ሪፖርት የተሟላ ማስረጃ ነው።

ገጹ የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193,707,721ን በ761,838,257,287 ሲያባዙ በትክክል ያ ቍጥር እንደሚገኝ አሳየ። ሰሌዳው ላይ ሲያባዛ አንድ ቃል አልተናገረም እየተባለ ይወራል፤ መናገርም የሚያስፈልገው አይመስለንም።

የሉካ ባለ39 አኃዝ ቍጥር እስከ 1951 ድረስ ከታወቁት ብቸኛ ቍጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቈየ። በ2024 የተገኘው፥ 136,279,841 ሁለቶችን በማባዛትና 1 በመቀነስ የተገነባው ቍጥር 41,024,320 አኃዝ አለው። ይህንንም ኮምፒዩተሮች ያረጋገጡት፥ እኛ በ31 ላይ በሞከርነው በዚያው መንገድ፥ ከ4 ተነሥተው ነው።