ከፊደል አስቀድሞ ስለሚሰጥ ትምህርት



ሕፃን ወደ የኔታ የሚሄድበት ቀን በቤቱ ታላቅ ቀን ነው። እናት ልብሱን ታጥብለታለች፤ አባት እጁን ይዞ ይወስደዋል። ከዚያም ወዲያ ሁለቱ፥ ልጁን ለመምህር ሰጥተናልና ግዳችንን ፈጽመናል ብለው ያርፋሉ። ነገር ግን 231ዱ ፊደል ሳይቈጠር፥ 150ው መዝሙረ ዳዊት ሳይነበብ አስቀድሞ፥ በእናት ጕልበት ላይ የሚጀመር ሌላ ትምህርት አለ፤ የኋለኛውም በእርሱ ላይ ይታነጻል። ልጅ በቤቱ የሰማውን ቃል በፊደል ተጽፎ ባገኘው ጊዜ ቶሎ ያስተውለዋል፤ ያልሰማውን ግን ድምፁን ብቻ ይደግማል።

ድኻ ወላጅ ይህን ሲሰማ፥ «ለልጄ የምሰጠው ምን አለኝ?» ብሎ ያዝናል። ለዚህ ኀዘን መልስ የሚሆን ምርመራ በጃማይካ ደሴት ተደርጓል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. በኪንግስተን ከተማ፥ ከድኾች ሰፈር፥ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ፥ ቁመታቸው የቀጨጨ 129 ሕፃናት ተመርጠው በ4 ወገን ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን በየሳምንቱ 1 ኪሎ ከወተት የተዘጋጀ ምግብ ተሰጠ። ወደ ሁለተኛው ወገን ቤት የጤና ረዳት በየሳምንቱ እየሄደች፥ እናቲቱ ከልጅዋ ጋር እንዴት እንደምትጫወት፥ ዕቃውን በስሙ እየጠራች እንዴት እንደምታነጋግረው አንድ ሰዓት ያህል አስተማረቻት፤ መጫወቻውም በእጅ የተሠራ ቀላል ነገር ነበረ። ሦስተኛው ወገን ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው አንዱንም አላገኘም። ሥራው 2 ዓመት ቈየ።

ሕፃናቱ 22 ዓመት ያህል በሆናቸው ጊዜ ተፈልገው ተመረመሩ። ወተቱ በጊዜው ረድቷቸው ነበረ፤ ነገር ግን ጥቅሙ እስከ ጕልምስና አልዘለቀም። እናቶቻቸው ማጫወትን የተማሩላቸው ግን በትምህርት ገፍተው ተገኙ፤ በ2014 ዓ.ም. እንደ ታተመውም ጽሑፍ፥ ከሥራቸው የሚያገኙት ገንዘብ ካልተጐበኙት ይልቅ በመቶ 25 በለጠ።

ስለዚህ መብል አይረባም የሚል ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም፤ የተራበ ልጅ ጨዋታም ትምህርትም አያምረውምና። በቅኔ ሥርዐት ቢነገር፥ መብል ሰሙ ነው፤ ቃልና ፍቅር ወርቁ ነው። ሰም ከሌለ ወርቁ መልክ አያገኝም፤ ወርቅ ከሌለ ግን ሰሙ ቀልጦ ይቀራል።

እንግዲህ አባት ማታ ከሥራው ሲመለስ ልጁን «ዝም በል» ከማለት ይልቅ ያየውን ይጠይቀው፤ እናትም እንጀራ ስትጋግር፥ ውሃ ስትቀዳ የምትሠራውን ትንገረው። ይህ ብር አያስወጣም፤ ትዕግሥትን ግን ይጠይቃል። ካህናትም ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ለክርስትና ስትመጣ፥ ይህን ምክር ለወላጆች ይንገሩ። የኔታ የሚቀበለው ልጅ ያን ጊዜ ጆሮው የተከፈተ፥ ልቡም የነቃ ይሆናል። ይህ ደብር ዛሬ የሚያከብረው ኢዮቤልዩ ያለፈውን ዘመን ይቈጥራል፤ የሚመጣውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት ግን አሁን በእናቶቻቸው ጀርባ የታዘሉት ናቸው።