ጣፋጭ ካሮት በጓሯችን፦ አመራረቱና አቀማመጡ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ስለ ድንችና ስለ ዲከረንስ በየስብሰባው ብዙ ስለሚባል እኔ ዛሬ ስለ ካሮት እናገራለሁ። ካሮት በብዙዎቻችን ዘንድ የሴቶች የጓሮ ሥራ ተብሎ ይናቃል። ይሁን እንጂ ቆላው የሌለው አንድ ጸጋ እኛ አለን፤ እርሱም ብርድ ነው። ካሮት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አየር በሚገባ ያድጋል። ሙቀት ሲበዛበት ይመራል፣ ቀለሙም ይገረጣል። ሲቀዘቅዝ ግን በሥሩ ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል። ስለዚህ በጳጉሜንና በመስከረም ተዘርቶ የኅዳርንና የታኅሣሥን ብርድ ያገኘ ካሮት በጥርባ እጅግ ይጣፍጣል። ለዚህ ታዲያ ዝናቡ ሲያቆም የሚጠጣው ውኃ በቅርብ ሊኖር ይገባል።

የአካባቢያችን ቀይ አፈር አሲዳማ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካሮት ደግሞ ፒኤቹ ከ6 በታች የወረደ አፈር አይስማማውም። ለሰፊ ማሳ ኖራ ያስፈልጋል፤ ለጓሮ መደብ ግን የምድጃ አመድ ስስ አድርጎ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ ይረዳል። መደቡ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ድንጋዩ ይለቀም። ትኩስ የከብትም ሆነ የፈረስ ፍግ አታስገቡበት፤ ሥሩ መንታና ጠማማ ይሆናል። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይበቃዋል።

አንዳንዶች እንደ ጎመን ችግኝ አፍልተው ያዛውሩታል። ካሮት ግን መዛወር አይወድም፤ በቀጥታ ይዘራል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በመስመሮች መካከል ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሱት። ለመብቀል እስከ 3 ሳምንት ስለሚቆይ ዘሩ ሞተ ብላችሁ መደቡን አትገልብጡ።

ትልቁ ጠብ ያለው በማሳሳቱ ላይ ነው። «የበቀለን ተክል መንቀል ያሳዝናል» የሚሉኝ እናቶች አሉ። እኔም የምመልሰው አንድ ነው፤ በተክሎች መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተተወ ሁሉም ክር ሆኖ ይቀራል። ውኃውም ሳይቋረጥ በመጠኑ ይሰጠው። ደርቆ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲጠጣ ይሰነጠቃል። ከአፈር ብቅ ያለው ራሱ ፀሐይ ካገኘው አረንጓዴ ይሆንና ይመራል፤ አፈር አልብሱት። የተሰነጠቀውም ቢሆን አይጣልም፤ ለጥር 23 የሚዘጋጅ ፈረስ ያለው ሰው ደስ ብሎት ይወስደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ነቅሎ እንጅባራ ገበያ ሲያወጣ ዋጋ ቆራጩ ነጋዴው ነው። የገበያተኛዋ እናት ይዛ እንዳትመለስ ባገኘችው ዋጋ ትጥላለች። ካሮት ግን ቢደርስም በብርዱ ወቅት መሬት ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት ይቆያል። የምትሸጡትን ያህል ብቻ ንቀሉ። በጣም ከዘገየ ግን ውስጡ እንደ እንጨት ይጠነክራል።

የተነቀለውን ለማቆየት ቅጠሉን ወዲያውኑ ቁረጡ፤ ቅጠሉ የሥሩን ውኃ እየሳበ ያጠወልገዋል። አትጠቡት፤ አፈሩን በእጅ ማራገፍ ይበቃል። የቆሰለውን ለወጥ ለዩና ጤነኛውን በጥላ ሥር ባለ ሣጥን ወይም ጉድጓድ፣ አንድ ረድፍ ካሮት አንድ ረድፍ እርጥብ አሸዋ እያደረጋችሁ ደርድሩት። አሸዋው ሲጨበጥ ውኃ ማንጠባጠብ የለበትም። በየሳምንቱ እየከፈታችሁ የበሰበሰውን አውጡ። በታሰረ ፌስታል ውስጥ አታቆዩት፤ ያልበዋል። ከበሰለ ሙዝና አቮካዶ አጠገብም አታስቀምጡት፤ ከፍሬዎቹ የሚወጣው ጋዝ ካሮቱን ያመረዋል።

ከሽያጩ በፊት የልጆች ድርሻ ይቀመጥ። ካሮት ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት የዳፍንት በሽታ ያመጣል። በጥቂት ዘይት ሲበስል ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምበታል።

በመጨረሻም ሁለት ጥያቄ አለኝ። ካሮት ዘር የሚሰጠው ብርድ አግኝቶ ካበበ በኋላ ስለሆነ ብዙዎቻችን ዘሩን የምንገዛው ከገበያ ነው። በጨርቅ ተቋጥሮ የሚሸጠው ዘር ዕድሜው አይታወቅም፤ ያረጀ ከሆነም አይበቅልም። ዩኒየናችን የታሸገና ቀኑ የተጻፈበት ዘር በጋራ ገዝቶ ከነሐሴ በፊት ያድርስልን። የወረዳ አመራሮቻችንም ኖራው ከመዝሪያው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ እንዲደርስ አድርጉልን፤ ከዘር ጋር እኩል የመጣ ኖራ ለዚያ ዓመት እምብዛም አይጠቅምም።