ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት

ዛሬ የማወራው ነርስነት እየተማራችሁ «ጦርነት ያለበት አገር ሄጄ ልርዳ» ለምትሉት ነው።

በ2022 እስራኤል በምዕራብ ዩክሬን፣ ሞስቲስካ ላይ፣ «ኮኻቭ መኢር» የሚባል የመስክ ሆስፒታል ከፍታ ነበር። ስሙ ኪየቭ ለተወለደችው ለጎልዳ መኢር መታሰቢያ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ቁስለኛ ብቻ አይመጣም። ስኳር ያለባት አሮጊት ኢንሱሊኗ አልቆ ትመጣለች፤ እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ታቅፋ ትመጣለች።

እኔ ነርሶችን ሳዘጋጅ እንዲህ እላለሁ፦ ብዙ ሰው ባንዴ ሲመጣ ዝም ያለውን ቀድማችሁ እዩ፤ የሚጮኸው ቢያንስ ይተነፍሳል። ደም ለማቆም እጅ ወይ እግር ካሰራችሁ፣ የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ።

ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚው ማን እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ስታወሩ ዓይናችሁ በሽተኛዋ ላይ ይሁን። ልጇን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። እኛ እናውቀዋለን እኮ! ስንቶቻችን በልጅነታችን ኩፓት ሖሊም ቆመን የእናታችንን በሽታ ተርጉመናል? ከባዱን ቃል ለመንገር ስንቶቻችን አፋችን ተሳስሯል? ያ ልጅ የመድኃኒቱን መጠን ቢያሳስትስ?

ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አብረዋችሁ ለሚሄዱትም ንገሯቸው። ቸር ያሰማን።