ጩኸት ሲሰማ



ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ዝናብ የጠገበው ተራራ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ሮጠ፤ ሲቆፍር ሌላ ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለርዳታ የሄዱት ናቸው።

እኛም ብንሆን እዚያው ነበርን፤ ጩኸት ሰምቶ የሚቀመጥ እድርተኛ የለንም (ቢኖር ይቀጣል!)። ነገር ግን ለገጠሩ ወገናችን ከዱቄቱና ከድንኳኑ ጋር ሥልጠናም ይድረሰው እንላለን። ሌላው ሲቆፍር አንድ ሰው ሽቅብ ተራራውን እያየ ይቁም፤ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ዛፉ ሲያዘም ካየ ፊሽካ ይንፋ። ሁሉም ባንዴ አይግባ፤ የገባው በስሙ ይመዝገብ። የመዝገቡን ነገር እኛ ጸሐፊ የነበርነው እናሳያለን። ክረምት ሳይገባ አገር ቤት የምትሄዱ ይህንኑ ንገሩልን፤ ፊሽካውን እድሩ ይግዛ።