የዳሌ መዞርና የጉልበት ዕዳ



አንዲት የባሌት ተማሪ ተረከዞቿን አገናኝታ ጣቶቿን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፍታ ስትቆም፣ ሁለቱ እግሮቿ በአንድ ቀጥተኛ መሥመር ላይ እንዲውሉ ይፈለግባታል። መምህራን «ወደ ውጭ መዞር» የሚሉት ይህ አቋም 180 ዲግሪ ይሞላል፤ ለእያንዳንዱ እግር 90 ዲግሪ ይደርሰዋል ማለት ነው። አምስቱ የእግር አቋሞች በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ሲበጅላቸው መዞሩ መጠነኛ ነበር፤ ከዘመን ወደ ዘመን እየሰፋ ሄዶ ግን ግማሽ ክብ ሆነ። እንግዲህ የዚህ ንግግር ጥያቄ አንድ ነው፤ ያ 90 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ከዳሌ ካልመጣስ ማን ይከፍለዋል?

ጥያቄው ለሐኪምና ለውዝዋዜ መምህር ብቻ የሚተው አይደለም። ጭነት ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ መመርመር የመሐንዲስ የዕለት ሥራ ነውና።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው የውዝዋዜ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይኖሩ ከነበሩ ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን ለመድረክ አበቁ። ከዚያም ጅምር «አዱኛ» የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ። ከቡድኑ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ለመሥራት በቃ። እነዚህ ወጣቶች የታወቁት በዘመናዊ ውዝዋዜ እንጂ በጥብቅ ባሌት አይደለም፤ ሆኖም የከተማው ልጅ ዕድሉን ካገኘ የት ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። ወደዚህ ጥበብ የሚገባ ወጣት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይጀምራል፤ ዘግይቶ የጀመረ ደግሞ ይቸኩላል። አደጋውም ያለው ከዚህ ላይ ነው።

እስክስታ የለመደ ሰው ትከሻ በልምምድ እንደሚፈታ ያውቃል፤ ስለዚህም ዳሌ እንዲሁ ይፈታል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ የሁለቱ አሠራር ለየቅል ነው። የትከሻ ሳንቃ ከደረት በስተጀርባ በጡንቻ የተያዘ ሲሆን፣ የክንዱ አጥንት የሚያርፍበት ጉድጓድም ጥልቀት የለውም። በዳሌ ግን የጭን አጥንት ሉል ጥልቅ በሆነ ጽዋ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከፊት ለፊት ከሰውነት ጅማቶች ሁሉ እጅግ ጠንካራ ከሆኑት በአንዱ ታስሯል። ትከሻ ለመንቀሳቀስ፣ ዳሌ ለመሸከም ተሠርተዋል።

የአጥንቱም ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል። የጭን አጥንት አንገት ወደ ፊት የሚያጋድልበት ማዕዘን በሕፃን 40 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በዕድገት ጊዜ እየቀነሰ በዐዋቂ 15 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ማዕዘኑ ካነሰ ጭን ወደ ውጭ መዞር ይቀለዋል፤ ከበዛ ግን ወደ ውስጥ ያደላል። በ16 ዓመት ገደማ ለውጡ ያከትማል፤ ከዚያ በኋላ አጥንትን በልምምድ መለወጥ አይቻልም። የአብዛኛው ሰው ዳሌ ወደ ውጭ የሚዞረው 45 ዲግሪ ያህል ነው። ከ90 የጎደለው ከጉልበት፣ ከቅልጥም፣ ከቁርጭምጭሚትና ከእግር በብድር ይወሰዳል።

ብድሩ የሚወሰድበት መንገድ ይታወቃል። ተማሪዋ ጉልበቷን አጥፋ እግሮቿን እንደ ልብ ከፍታ ታስቀምጣለች፤ ቀጥሎም ጉልበቷን ትዘረጋለች። የታጠፈ ጉልበት በመጠኑ ይዞራል፤ የተዘረጋ ጉልበት ግን መዞርን እምብዛም አይፈቅድም። እግሩን ወለሉ በሰበቃ ስለያዘው ጠምዛዡ ኃይል በጉልበት ላይ ያርፋል። ለምሳሌ 50 ኪሎ ግራም የምትመዝን ልጅ በእያንዳንዱ እግሯ 245 ኒውተን ታሳርፋለች። የሰበቃው መጠን 0.5 ነው፣ ክብደቱም ከእግሩ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ በተረከዝና በፊተኛው መርገጫ ላይ ያርፋል ቢባል፣ ወለሉ እስከ 12 ኒውተን ሜትር ድረስ ጠምዝዞ ሊይዝ ይችላል። ይህም በ1 ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 1.2 ኪሎ ግራም ያህል እንደ ማንጠልጠል ነው። ለብሎን ይህ ኢምንት ነው። ብረት እንኳ በመደጋገም እንደሚደክም የሚያውቅ ባለሙያ ግን፣ በየቀኑ ተደጋግሞ ሲያርፍበት የጉልበት ጅማትና በውስጡ እንደ ትራስ የተነጠፈው ለስላሳ አጥንት ምን እንደሚደርስበት መገመት አያቅተውም።

ሌላው ብድር ከወገብ ይወሰዳል። ዳሌ ወደ ፊት ሲያጋድል የፊተኛው ጅማት ይላላል፤ እግርም ይከፈታል፤ ዋጋውን ግን የታችኛው የጀርባ አጥንት ይከፍላል።

ታዲያ ያለ ጉዳት ማሻሻል ይቻላልን? ይቻላል። አብዛኛው ተማሪ አጥንቱ የፈቀደለትን ያህል እንኳ በጡንቻው ይዞ መቆም አይችልም፤ ትርፉ ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ከመቀመጫ በታች በጥልቀት የተቀመጡት ስድስት ትናንሽ ጡንቻዎች ጭንን ወደ ውጭ ያዞራሉ። ተማሪው በጎኑ ተኝቶ፣ ጉልበቶቹን አጥፎና እግሮቹን አገናኝቶ፣ ዳሌውን ሳያንከባልል የላይኛውን ጉልበት በዝግታ ቢያነሣ እነዚህ ጡንቻዎች ይሠራሉ። ሲቆምም መዞሩን ከጭኑ ይጀምር፤ ጉልበቱን ሲያጥፍ ጉልበቱ ከሁለተኛው የእግር ጣት በላይ ይዋል። የእግሩ ውስጠኛ ጎን ወደ መሬት ከወደቀ ከአቅም በላይ መከፈቱን ያመለክታል። በብሽሽት ፊት ለፊት የሚቆነጥጥ ሕመም ከተሰማ ልምምዱ ወዲያው መቆም አለበት፤ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ መግፋት የጽዋውን ከንፈር ሊቀድ ይችላልና። ልጅን በሆዱ አስተኝቶና እግሮቹን እንደ እንቁራሪት አስከፍቶ ከላይ መጫን ደግሞ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

በዚህ ረገድ የማኅበሩ አባላት ድርሻ አላቸው። የተማሪውን እውነተኛ ልክ ለማወቅ ሰበቃውን ማስወገድ ይበቃል። በኩሽኔታ ላይ በነፃ በሚሽከረከሩ ሁለት ክብ ሳንቃዎች ላይ የቆመ ሰው ከዳሌው ያልመጣውን መዞር ይዞ ሊቆይ አይችልም። በሳንቃዎቹ ዳር ዲግሪ ቢጻፍ መለኪያ ይሆናል፤ ማንኛውም አነስተኛ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት ሊሠራው ይችላል። በሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ሸክላ ፈንታም፣ በአግዳሚ እንጨቶች ላይ የተዘረጋና ሲረገጥ በመጠኑ የሚለጠጥ የእንጨት ወለል መንደፍ ከባለሙያዎቹ ዕውቀት በላይ አይደለም።

በልደታ ክፍለ ከተማ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ የተመሠረተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕንፃ ትምህርት ቤትም እንዲሁ። አጥንትን የሚያውቀውና ጭነትን የሚያውቀው ባለሙያ በእግር የሚደረስ ርቀት ላይ ናቸው። የሁለቱ ዕውቀት በአንድ የልምምድ አዳራሽ ውስጥ ቢገናኝ፣ ሕንፃ ከመሠረቱ በላይ እንደማይጫን ሁሉ፣ የአንድም ልጅ ጉልበት ዳሌው ያልተቀበለውን ዕዳ አይከፍልም።