ደባርቅ በማን ዜና ትጻፋለች?



ያደግሁት ቀሐ ዳር ነው። በጥምቀት ሰሞን የወንዙ ውኃ በቦይ ተጠልፎ የፋሲልን መዋኛ ሲሞላ ማየት የልጅነት ደስታዬ ነበር። ስለ ጎንደር ግን የሚጽፍ ሞልቷል። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሊማሊሞ አፋፍ ስለተቀመጠችው ስለ ደባርቅ ነው።

ሁለቱን ከተሞች አንድ የደም ዜና ያገናኛቸዋል። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ከጎንደር አቅራቢያ በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ተያዘ። የጎንደር ነጋዴዎች ቤዛ ከፍለው ቢያስለቅቁትም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ጋረድ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድ ሲሆን ለአገው ንጉሤ ያደረ ሸፋች ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1853 ዓ.ም. ዘመቱበት፤ በውጊያው ጋረድም፣ የንጉሡ ባለሟል ሊቀ መኳስ ጆን ቤልም ወደቁ። ከድሉ በኋላ ምርኮኞቹ በደባርቅ ተፈጁ።

ፕላውደን ስሙም ሥራውም በመጻሕፍት ይገኛል። የተፈጁት ሰዎች ግን ቁጥራቸው እንኳ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ ስማቸውን በደረስሁባቸው መጻሕፍት አላገኘሁም።

ከዚያም ወዲህ ደባርቅ በጽሑፍ የምትነሣው ሌላ ነገር ሲያልፍባት ነው። ጣሊያን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ሠራ፤ ከተማይቱ የመንገዱ ማረፊያ ተባለች። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከተማይቱ የፓርኩ በር ተባለች። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2009 ዓ.ም. ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ከፓርኩ ተነሥተው ወደ ደባርቅ መጡ። በደጋው ገብስ ሲዘራና ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው ካሳውን ተቀብሎ የከተማ ነዋሪ ሆነ። ዋሊያን የምጠላ አይምሰላችሁ፤ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም የማይገኝ እንስሳ ነውና መትረፉ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በእኔ አስተያየት በዚያ ዓመት የደባርቅ ታላቁ ዜና የግጭ ሰዎች መምጣት ነበር፤ ዓለም የሰማው የዋሊያን ዜና ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደባርቅ ተቃርቦ ሳለ፣ በአጎራባቹ በዳባት ወረዳ የጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ያን ጊዜም ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረው ቁጥር ነበር፤ እሱም ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ይለያይ ነበር። ከ1853 ዓ.ም. እስከዚያ 160 ዓመት አልፏል።

ዛሬ ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የራሷም ዩኒቨርሲቲ አላት። ቢሮ ሲስፋፋና ሲዛወር ግን አስቀድሞ የሚጠፋው የቆየ ፋይል ነው፤ የመሬት ሙግቱ፣ የገበያ ቀረጥ ደረሰኙ፣ የአቤቱታ ማመልከቻው። ይህን ለማትረፍ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ደረቅ ክፍልና ኃላፊነት የሚሰማው ጸሐፊ ይበቃል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጠቁም። ከመንግሥት ቢሮ በፊት ወደ ዕድር ጸሐፊዎች ሂዱ። በዕድር መዝገብ ሰው በስሙ ይጻፋል፤ መዋጮው፣ የሞተበት ቀን፣ የተተካው ወራሽ ሳይቀር። ፈቃድ ጠይቁ፤ መዝገቡን ከቤቱ ሳታወጡ አንብቡ። የግጭ ተነሺዎች ከነባሩ ሰው ዕድር ገብተው እንደሆነ፣ ወይስ የራሳቸውን አቋቁመው እንደሆነ፣ ከዚያው መጀመር ይቻላል።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።